የመሪ ማስጠንቀቂያው ጩኸትና የአሽከርካሪው ኃላፊነት

የአሽከርካሪ አጋዥ ሥርዓት የተገጠመላቸው ተሽከርካሪዎች በዓለም ገበያ እየተበራከቱ በመጡ መጠን ከተጠቃሚዎች የሚሰማ አንድ ቅሬታም እየጨመረ መጥቷል። አሽከርካሪው መሪውን ይዞና ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል እየተጓዘ ሳለ እጁን መሪው ላይ እንዲያደርግ የሚጠይቅ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ይበራል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይከተላል። በረጅም ጉዞ ላይ ይኸው ጥያቄ ሲደጋገም አሽከርካሪው ይሰላቻል። አንዳንዱ ሥርዓቱን ያጠፋዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሚያታልልበትን ዘዴ ይፈልጋል።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የምቾት ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ የሰው ሕይወትን የሚመለከቱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መኪናው በከፊል ራሱን በሚመራበት ወቅት ለሚደርስ አደጋ ተጠያቂው ማን ነው? አሽከርካሪው በእርግጥ ንቁ መሆኑስ በምን ይታወቃል? ባለፉት 10 ዓመታት የተካሄዱ የአደጋ ምርመራዎችና የወጡ ደንቦች እንደሚያመለክቱት፣ የማስጠንቀቂያው ዋነኛ ጉድለት ከመጠን በላይ ጥብቅ መሆኑ አይደለም። ጉድለቱ የአሽከርካሪውን ትኩረት መለካት ሲገባው የእጁን ግፊት መለካቱ ነው። በመሆኑም መፍትሔው ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ሳይሆን የሚለካውን ነገር ማስተካከልና አሽከርካሪው ኃላፊነቱን በግልጽ እንዲያውቅ ማድረግ ይሆናል።

የሥርዓቱ አሠራር

በአሁኑ ወቅት በስፋት አገልግሎት ላይ ያሉት አጋዥ ሥርዓቶች ሁለት ተግባራትን አጣምረው ያከናውናሉ። የመጀመሪያው ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ጋር ያለውን ርቀት እየጠበቁ ፍጥነትን መጨመርና መቀነስ ነው። ሁለተኛው ካሜራ የመንገዱን የመስመር ቅብ እንዲያነብ በማድረግ የመሪው አጋዥ ሞተር መኪናውን በመስመሩ መካከል እንዲያቆየው ማድረግ ነው።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምደባ መሠረት ተሽከርካሪዎች ከ0 እስከ 5 ባሉት ስድስት ደረጃዎች ይከፈላሉ። ከላይ የተገለጹት ሥርዓቶች የሚገኙት በደረጃ 2 ነው። በዚህ ደረጃ መኪናው መሪውንም ፍጥነቱንም ቢቆጣጠር እንኳ መንገዱን የመከታተልና በማንኛውም ቅጽበት ጣልቃ የመግባት ግዴታው የአሽከርካሪው ነው። ደረጃ 3 ላይ ሲደረስ ግን ሥርዓቱ በሚሠራባቸው የተወሰኑ ሁኔታዎች ውስጥ መንገዱን የመከታተል ተግባር ወደ መኪናው ይሸጋገራል። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት በቴክኖሎጂ ብቻ የሚገለጽ ሳይሆን የኃላፊነት ልዩነትም ነው።

አሽከርካሪው በደረጃ 2 የተጣለበትን ግዴታ መወጣቱን ለማረጋገጥ በርካታ አምራቾች የመረጡት ርካሹን መንገድ ነው። በመሪው ዘንግ ላይ ያለ ሴንሰር አሽከርካሪው መሪውን ለመጠምዘዝ የሚያሳርፈውን ኃይል ይለካል። ኃይል ከተሰማው እጅ አለ ብሎ ይደመድማል፤ ካልተሰማው ደግሞ እጅ የለም ይላል።

ቅሬታው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሥርዓቱ በትክክል እየመራ ከሆነ ጥንቁቅ አሽከርካሪ መሪውን የሚጠመዝዝበት ምክንያት የለውም። መሪውን በሁለት እጁ በእርጋታ ይዞ ቢቀመጥም ሴንሰሩ አያውቀውም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ይሰማል። በአንጻሩ እንቅልፍ የተጫነው ወይም ስልኩን የሚመለከት ሰው አንድ እጁን መሪው ላይ ቢያንጠለጥል የእጁ ክብደት ለሴንሰሩ በቂ ምልክት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ንቁውን ተጠርጣሪ፣ ዝንጉውን ደግሞ ታማኝ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው በተሳሳተ ጊዜ በተደጋገመ ቁጥር ክብሩን ያጣል። “ተኩላ መጣ” እያለ በከንቱ የሚጮኸው እረኛ በመጨረሻ የሚደርስለት እንደማያገኝ ሁሉ፣ ያለምክንያት የሚጮኽ መኪናም እውነተኛ አደጋ ሲመጣ የሚያደምጠው ላይኖር ይችላል።

ደንቡ ምን ይላል?

ማስጠንቀቂያው በአምራቾች ፍላጎት ብቻ የመጣ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በጄኔቫ የሚዘጋጀው የመሪ መሣሪያዎች ደንብ ቁጥር 79 መኪናውን በመስመሩ መካከል የሚያቆይ ሥርዓት ሊከተለው የሚገባውን ቅደም ተከተል በሰከንድ ይደነግጋል። አሽከርካሪው መሪውን ካልያዘ ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ በዓይን የሚታይ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። ይህ ሁኔታ እስከ 30 ሰከንድ ከቀጠለ ምልክቱ ወደ ቀይ ተለውጦ የድምፅ ማስጠንቀቂያ ይታከልበታል። ድምፁ ከጀመረ ቢበዛ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሥርዓቱ ራሱን ማጥፋት ይኖርበታል። ሲጠፋም ከቀድሞው የተለየ የአደጋ ድምፅ ቢያንስ ለ5 ሰከንድ ወይም አሽከርካሪው መሪውን እስኪይዝ ድረስ ያሰማል።

ይህን ደንብ በሚከተሉ አገሮች አምራቹ ድምፁን ከተደነገገው በላይ ማዘግየት ወይም ማስቀረት አይችልም። በአሜሪካ ግን ተመሳሳይ ዝርዝር የፌዴራል ደንብ ባለመኖሩ የጊዜው መጠን በአብዛኛው ለአምራቾች ውሳኔ የተተወ ሆኖ ቆይቷል። የዚህ ልዩነት ውጤት በአደጋ ምርመራዎች ላይ ታይቷል።

አደጋዎቹ ያስተማሩት

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2016 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ዊሊስተን በተባለች ከተማ አቅራቢያ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ መኪና መንገድ በማቋረጥ ላይ ከነበረ የጭነት ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭቶ አሽከርካሪው ሕይወቱን አጥቷል። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2017 ይፋ ባደረገው ምርመራ መሠረት ጉዞው 41 ደቂቃ የወሰደ ሲሆን፣ ለ37 ደቂቃ ያህል አጋዥ ሥርዓቱ በሥራ ላይ ነበር። በእነዚህ 37 ደቂቃዎች ውስጥ ሥርዓቱ የአሽከርካሪውን እጅ በመሪው ላይ ያገኘው በድምሩ ለ25 ሰከንድ ብቻ ነው። ቦርዱ በመሪው ላይ የሚያርፍን ኃይል መለካት የአሽከርካሪን ትኩረት ለማረጋገጥ በቂ አለመሆኑንም አመልክቷል።

ከዚህ አደጋ በኋላ ኩባንያው ማስጠንቀቂያውን ደጋግሞ ችላ ያለ አሽከርካሪ መኪናውን አቁሞ እንደገና እስኪነሳ ድረስ በሥርዓቱ እንዳይጠቀም የሚያግድ ማሻሻያ አደረገ። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ግን መሪው ላይ ክብደት በማንጠልጠል ሴንሰሩን ማታለላቸውን አልተዉም። ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ መሣሪያም ገበያ ላይ በመዋሉ የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በሰኔ ወር 2018 ሻጩ ሽያጩን እንዲያቆም አዟል። ድርጊቱ አሰልቺ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚውን ወደ ማታለል ሊገፋው እንደሚችል ያሳየ ነው።

ይኸው መሥሪያ ቤት በነሐሴ ወር 2021 የጀመረውን ሰፊ ምርመራ ሲያካሂድ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ ወር 2023 ኩባንያው በአሜሪካ የሚገኙ 2 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎችን በርቀት በሚላክ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያስተካክል አድርጓል። የማሻሻያው ዋና ይዘትም ማስጠንቀቂያውን ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይና እንዲጠብቅ ማድረግ ነበር። ምርመራው በሚያዝያ ወር 2024 ሲጠናቀቅ 956 አደጋዎች ተፈትሸው ቢያንስ 13ቱ ሰዎች የሞቱባቸው ሆነው ተገኝተዋል። መሥሪያ ቤቱ ሥርዓቱ ለአሽከርካሪው የሚፈቅደው ነፃነት ሰፊ ሆኖ ሳለ ትኩረቱን የሚቆጣጠርበት መንገድ ደካማ መሆኑን በመግለጽ፣ ማሻሻያው በቂ ስለመሆኑ ሌላ ማጣራት ጀምሯል።

ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በመድን ኩባንያዎች የሚደገፈው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በመጋቢት ወር 2024 የ14 ሥርዓቶችን የጥንቃቄ አጠባበቅ መዝኖ ነበር። ከእነዚህ መካከል ተቀባይነት ያለው ደረጃ ያገኘው 1 ብቻ ሲሆን፣ 2ቱ ዝቅተኛ፣ 11ዱ ደግሞ ደካማ ተብለዋል።

የሰው አእምሮና የቁጥጥር ሥራ

ጥፋቱን ሁሉ በአሽከርካሪው ስንፍና ላይ መጣልም ተገቢ አይሆንም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ምልክትን ለረጅም ጊዜ እንዲጠብቁ የተደረጉ ሰዎች የማስተዋል ብቃት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎልቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች ተመራማሪም በ1983 ባቀረበችው ጽሑፍ፣ አንድ ሥራ ወደ ማሽን በተሸጋገረ ቁጥር ለሰው የሚቀረው የመቆጣጠር ተግባር ሰው በተፈጥሮው ደካማ የሆነበት እንደሆነ አስገንዝባለች።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የደረጃ 2 ሥርዓት አሽከርካሪውን የሚያስቀምጠው አስቸጋሪ ቦታ ላይ ነው። ሥራውን ይወስድበታል፤ ኃላፊነቱን ግን ይተውለታል። ሥርዓቱ ጥሩ ሆኖ በሠራ ቁጥር አሽከርካሪው ይበልጥ ይተማመንበታል፤ በተማመነበት መጠንም ይዘናጋል። ማስጠንቀቂያው ይህን ክፍተት እንዲሞላ የተቀመጠ በመሆኑ ባይኖር ኖሮ አደጋው ይብስ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ በቻይና የደረሰ አንድ አደጋ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2025 በአንሁዊ ግዛት አንድ ሺያኦሚ ኤስ ዩ 7 የኤሌክትሪክ መኪና ከኮንክሪት መከለያ ጋር ተጋጭቶ 3 ሰዎች ሞተዋል። ኩባንያው ይፋ ባደረገው የጊዜ ቅደም ተከተል መሠረት አጋዥ ሥርዓቱ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሳለ መሪው እንዲያዝ የሚጠይቅ ማስጠንቀቂያ ከአደጋው 8 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ሰጥቶ ነበር። መሰናክሉን አይቶ ካሳወቀበት ቅጽበት አንስቶ ግጭቱ እስከደረሰበት ያለው ጊዜ ግን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር። በንጽጽር፣ የደረጃ 3 ሥርዓቶችን የሚመለከተው የጄኔቫው ደንብ ቁጥር 157 አሽከርካሪው መሪውን እንዲረከብ ከተጠየቀ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት በመደበኛ ሁኔታ ቢያንስ 10 ሰከንድ እንዲሰጠው ያዛል።

ከአደጋው በኋላ የቻይና ኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በሚያዝያ ወር 2025 አምራቾችን ሰብስቦ በማስታወቂያዎቻቸው ላይ የሥርዓቶቹን አቅም ከማጋነንና መኪናው ራሱን ችሎ የሚነዳ የሚያስመስሉ ቃላትን ከመጠቀም እንዲቆጠቡ አሳስቧል። ይህ እርምጃ ከማስጠንቀቂያው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። “ራሱን ይነዳል” ተብሎ መኪና የተሸጠለት ሰው በየ30 ሰከንዱ መሪውን እንዲይዝ ሲጠየቅ ማስጠንቀቂያውን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል። የአጋዥ ሥርዓት ባለቤት መሆኑ በግልጽ የተነገረው ሰው ግን ጥያቄውን የሥርዓቱ አካል አድርጎ ይቀበለዋል።

ከእጅ ወደ ዓይን

ከችግሩ ለመውጣት የሚደረገው ጥረት በሁለት አቅጣጫ እየሄደ ነው። አንደኛው የእጅን መኖር በተሻለ መንገድ ማወቅ ነው። አንዳንድ አምራቾች በመሪው ሽፋን ሥር የሰውን እጅ ንክኪ በኤሌክትሪክ ባሕርይው የሚለይ ሴንሰር በመግጠማቸው አሽከርካሪው መሪውን መጠምዘዝ ሳያስፈልገው መንካቱ ብቻ ይበቃል። ይህም ከንቱ ማስጠንቀቂያን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ዓይንን መከታተል ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 በካዲላክ መኪና ላይ ባስተዋወቀው ሥርዓት በመሪው ዘንግ ላይ የተተከለ ካሜራ የአሽከርካሪውን የራስ አቅጣጫ ይከታተላል። በመሆኑም አሽከርካሪው መንገዱን እስካየ ድረስ በተመረጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ እጁን ከመሪው ማንሳት ይፈቀድለታል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ ወር 2024 ጀምሮ አዲስ ዓይነት ሆነው ለሚቀርቡ ተሽከርካሪዎች የአሽከርካሪን መዘናጋት የሚለይ ማስጠንቀቂያ ግዴታ አድርጓል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የጄኔቫ ደንብ ቁጥር 171 በበኩሉ የአሽከርካሪውን ተሳትፎ በእጅም በዓይንም እንዲመዘን ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ካሜራውም ብቻውን ፍጹም አይደለም። ዓይን መንገዱ ላይ እያለ ሐሳብ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ከመሪው የራቀ ሰውም በድንገት ለመጠምዘዝ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል። “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል” እንደሚባለው ሁለቱን መለኪያዎች በአንድነት መጠቀሙ የተሻለ አማራጭ ሆኖ ይታያል።

የተጠያቂነቱ ጥያቄም ገና እልባት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2025 በሚያሚ የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባዔ በ2019 በፍሎሪዳ ለደረሰ የሞት አደጋ አሽከርካሪውን 67 በመቶ፣ ቴስላን ደግሞ 33 በመቶ ተጠያቂ በማድረግ ኩባንያው 243 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ወስኗል። ኩባንያው ውሳኔውን በመቃወም ይግባኝ እንደሚል አስታውቋል። ውሳኔው “አሽከርካሪውን አስጠንቅቄያለሁ” የሚለው መከራከሪያ አምራችን ሙሉ በሙሉ ነፃ እንደማያወጣ ያሳየ ሲሆን፣ የኃላፊነቱ ትልቁ ድርሻ አሁንም የአሽከርካሪው መሆኑንም አረጋግጧል።

ለአገራችን ያለው ትርጉም

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አገር ውስጥ መግባታቸውንም የመንግሥት ኃላፊዎች ገልጸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቻይና የተመረቱ ሲሆኑ፣ የአሽከርካሪ አጋዥ ሥርዓት የተገጠመላቸውም ይገኙባቸዋል።

ሦስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የገቡ አንዳንድ ተሽከርካሪዎች ስክሪናቸው መልእክት የሚያስተላልፈው በቻይንኛ ነው። መሪውን እንዲይዝ የሚጠይቀውን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል አሽከርካሪ ማስጠንቀቂያው ትርጉም የሌለው ድምፅ ሆኖ ይቀራል። መሰላቸቱም ሆነ ሥርዓቱን ማጥፋቱ ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

ሁለተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች የተሠሩት የመስመር ቅቡ ጎልቶ ለሚታይና አቅጣጫው በአካፋይ ለተለየ አውራ ጎዳና ነው። እንደ አዲስ አበባ አዳማ ባለ የፍጥነት መንገድ ላይ ሊያግዙ ይችላሉ። ቅቡ በደበዘዘበት፣ እግረኛ፣ ባጃጅና የቤት እንስሳት በአንድነት በሚጓዙበት መንገድ ላይ ግን ሥርዓቱ በየጊዜው ሊቋረጥ ወይም ያልሆነ መስመር ሊከተል ይችላል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ሥርዓቱን ባይጠቀምበት ይመረጣል።

ሦስተኛው የሥልጠናና የአሠራር ጉዳይ ነው። አሽከርካሪው መሪውን ሲረከብ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው፣ ሥርዓቱ ምን እንደማያይና ምልክቶቹ ምን ማለት እንደሆኑ በመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ላይ ሊማር ይገባል። አስመጪዎች መሠረታዊዎቹን ምልክቶች የሚያብራራ የአማርኛና የሌሎች አገርኛ ቋንቋዎች መመሪያ ከተሽከርካሪው ጋር እንዲያስረክቡ ቢደረግ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም የስክሪኑን ቋንቋ፣ የማስጠንቀቂያውን ዓይነትና የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚገኝበትን መንገድ በግዥ ሰነዳቸው ውስጥ ሊጠይቁ ይችላሉ። መሪው ላይ ክብደት በማንጠልጠል ሥርዓቱን ማታለልም በሾፌሮች የሥራ መመሪያ ውስጥ በግልጽ ሊከለከል ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ 92 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሞቱ ናቸው። በአግባቡ የተያዘ አጋዥ ቴክኖሎጂ ይህን ጉዳት በመቀነስ ረገድ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ያለ ዕውቀት ከተያዘ ግን ነባሩ አደጋ ላይ አዲስ ዓይነት አደጋ ይጨምራል።

በሌሎች አገሮች ደንቦቹ የተጠናከሩት በአብዛኛው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። ተሽከርካሪዎቹ ወደ አገራችን በብዛት መግባት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታት በመሆናቸው “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን የአበው ምክር ተግባራዊ ለማድረግ ጊዜው አላለፈም። የመሪው ማስጠንቀቂያ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስታውሰው እውነት ግን አሁንም አልተለወጠም። መኪናው ቢያግዝም መሪው በአሽከርካሪው ኃላፊነት ሥር ነው።